የማይቸኩል መድኃኒት

«ጭንቅ» እና «ጭንቀት» ሥራቸው አንድ ቢሆንም ዕድሜያቸው ለየቅል ነው። ጭንቅ ሰዓት አለው፤ እንደ ምጥ መጥቶ፣ አስጨንቆ፣ ያልፋል። ጭንቀት ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ደረት ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል።

ይህን እንዳሰላስል ያደረገኝ አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሐኪሙ ለጭንቀቱ «ቡስፓይሮን» የተባለ ክኒን አዘዘለት። በዐሥረኛው ቀን ወደ ቁይ ደውሎ፣ «እታለም፣ ይኼ ነገር ውኃ ነው፤ ምንም አልሠራልኝም። ልተወው ነው» አለኝ። ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር። ከባንክ መስኮት ጀርባ ብር ስቆጥር የምውል እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም የምወደው ሰው የሚውጠውን ነገር ማወቅ ፈለግሁ፤ አነበብሁም።

በጭንቀት መድኃኒትነት ይበልጥ የታወቁት ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ገበያ ላይ የዋለው ቫሊየም፣ ማለትም ዲያዜፓም፣ ከእነርሱ አንዱ ነው። «ጋባ» የተባለውን አንጎልን የሚያረጋጋ ኬሚካል እያበረቱ ፈጥነው ያሳርፋሉ፤ ሲቆዩ ግን ሊያስለምዱ ይችላሉ፤ በድንገት ማቋረጣቸውም አደጋ አለው። ቡስፓይሮን ከዚያ ወገን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ተቀምሞ በ1986 በአሜሪካ የተፈቀደው ይህ መድኃኒት በዋናነት የሚሠራው በሴሮቶኒን ተቀባዮች ላይ ነው። እንደ እነዚያ አያደነዝዝም፤ ሱስ የማስያዝ ጠባዩም እጅግ ትንሽ ነው። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ጥቅሙ እስኪታወቅ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ለድንገተኛ ድንጋጤ አይደርስም፤ በየቀኑ ሰዓት ተጠብቆ የሚወሰድ ነው። ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ራስ ምታትም ሊያመጣ ይችላል። ቀድሞ የእነዚያን ፈጣን እርጋታ የቀመሰ ሰው ደግሞ ይህኛው ባዶ ሊመስለው ይችላል።

እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። የጭንቀት ጠባዩ ማጣደፍ ነው፤ ያልመጣውን ነገ ዛሬ ያስከፍላል። መድኃኒቱ ደግሞ ሕመሙ የነጠቀውን ትዕግሥት ከበሽተኛው መልሶ ይጠይቃል። ክኒኑን ሊጥል የተዘረጋው እጅ የወንድሜ ብቻ አልነበረም፤ የሕመሙም እጅ ነበር።

ትዕግሥት ላጣ ሰው «ታገሥ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው። በእኛ አገር በሐምሌ የተዘራ ጤፍ በነሐሴ አይታጨድም፤ ገበሬው ግን ብቻውን አይጠብቅም፤ አብረውት የሚያርሙ የወንፈል ጓደኞች አሉት። ስለዚህ፣ «ወንድምዓለም፣ ሐኪምህን ሳታማክር አትተወው፤ እስከዚያው በየቀኑ እንነጋገራለን» አልሁት። በእኔ ማታ፣ በእርሱ ቀትር፣ ስለ ክኒኑ ሳይሆን ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናታችን ጉልበት፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወጋን።

በአራተኛው ሳምንት፣ «ትናንት ሳልነቃ አደርሁ» አለኝ። አንድ ሌሊት ብቻ ነው። እኔም አልቸኮልሁም፤ «እሰይ» ብዬ ወደ ሠርጉ ወሬ ተመለስሁ።