የሌለው ባለአድራሻ

የቀበሌ ቤት ጣጣ የሚያውቅ የከተማ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ተከራዩ ከለቀቀ ዓመታት አልፈዋል፤ በቤቱ ሌላ ሰው ገብቶ ልጅ ወልዶበታል፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን አሁንም የቀድሞው ስም ነው። አዲሱ ነዋሪ በገዛ በሩ ላይ ቆሞ «ቤቱ ሰው አለበት» ይባላል። አሮጌ ኮምፒዩተርም እንዲህ ያለ መዝገብ አለው።

ይህን ያየሁት እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ በከፈቱት የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነው። እትዬ ውል፣ አቤቱታና ኑዛዜ ይጽፋሉ። ከሁለቱ ኮምፒዩተሮቻቸው አንዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ሽማግሌ ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስፒን እ.ኤ.አ. በ2001 አውጥቶ በ2014 ድጋፉን አቁሟል። ስለዚህም ከኢንተርኔት ጋር አያገናኙትም፤ ሊጥሉትም ግን አልፈለጉም። የድሮ ጽሑፎቻቸው የተተየቡት ዩኒኮድ ሳይለመድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ የሰው ኑዛዜ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ የሽማግሌው የኔትወርክ ካርድ ተቃጠለ። ሌላ ካርድ ተገዝቶ በሌላ ቀዳዳ ተሰካ። ወዲያው ግንኙነቱ ከስሙ ኋላ 2 ቁጥር አስከትሎ ብቅ አለ። አዲሱ ኮምፒዩተር ሽማግሌውን የሚያገኝበት 192.168.0.1 የተባለው አድራሻ ሲሰጠውም፣ አድራሻው በኮምፒዩተሩ ውስጥ በሌለ ካርድ ስም ተይዟል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። የተጠራው ባለሙያ «ይሄ ዕቃ አብቅቶለታል፤ ይጣሉት» ብሎ ሄደ።

«ደንበኞቼ እኮ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ያረፉም አሉባቸው» አሉኝ እትዬ።

ነገሩ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ዊንዶውስ ካርድን የሚመዘግበው ከተሰካበት ቦታ ጋር ነው። ያው ካርድ እንኳ ተነቅሎ በሌላ ቀዳዳ ቢሰካ እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጥረዋል። የተነቀለውን ከነአድራሻው ሸሽጎ ያኖራል እንጂ አይፍቀውም። በኤክስፒ ደግሞ የተደበቁትን አሳይ የሚለውን መንካት ብቻ አይበቃም። አስቀድሞ በኮማንድ ፕሮምፕት፣ ያልተሰኩ መሣሪያዎችም ይታዩ የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ፣ ዲቫይስ ማናጀርንም ከዚያው መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የተቃጠለው ካርድ ደብዝዞ ይታያል። የደበዘዘውን መርጦ ማጥፋት፣ ደማቁን አለመንካት፣ ከዚያ አድራሻውን ለአዲሱ ካርድ መስጠት ነው። 2 ቁጥሯንም ከስሙ ላይ መሰረዝ ይቻላል። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ካርዱ ተስተካከለ ማለት ግን ሐርድ ዲስኩ አያረጅም ማለት አይደለም። ይህንንም ለእትዬ ነገርኳቸው። አሁን ማታ ማታ ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ የድሮዎቹን ጽሑፎች አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ እያዛወሩ፣ እያንዳንዱን ቃል ከዋናው ጋር እያስተያዩ ያርማሉ። የጀመሩት ከኑዛዜዎቹ ነው። «ውል ቢጠፋ ተዋዋዮቹ ይጠየቃሉ» ይላሉ፤ «ተናዛዡን ግን ማን ይጠይቀዋል?»