አሥራ አምስት በር

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ ሲፈጠር ጉረኛን ለመገሠጽ ይመስለኛል፤ የምታውቀውን በሥራህ አሳይ እንጂ አትለፍልፍ ለማለት። ዛሬ ግን ዞሮ ዞሮ ትርጉሙ «የማውቀውን አልነግርህም» ሆኗል። መካኒኩ መኪናዎን ሲያስረክብ «ተስተካክሏል» ይላል። ምኑ? አይነግርዎትም። የቧንቧ ሠራተኛውም ያው ነው፤ የፍሪጅ ጠጋኙም ያው ነው። ወጥ የምታጣፍጥ ጎረቤት እንኳ ቅመሙን ሲጠይቋት «ምንም የለው፣ ዝም ብዬ ነው የሠራሁት» ትላለች። ዝም ብሎ የተሠራ ወጥ እንደዚያ ሲጣፍጥ አይቼ አላውቅም።

የዚህ ተረት ጉዳት ለእኔ ጎልቶ የታየኝ በኮምፒዩተር መሰኪያ ምክንያት ነው። «የሽቦ ወሬ ነው» ብለው ገጹን ሊገልጡ ያሰቡ አንባቢ ካሉ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ውስጡ ሰውም አለበት።

ኮምፒዩተሬ ሃኪንቶሽ ነው። ሃኪንቶሽ ማለት አካሉ ተራ ኮምፒዩተር ሆኖ የማኪንቶሽን ሲስተም እንዲያሠራ የተደረገ ማሽን ነው። አፕል በ2005 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር እንደሚዛወር አስታወቀ፤ በ2006 መጀመሪያ ላይም አዲሶቹን ማሽኖች ማውጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የማክ ሆድቃ ከሌላው ኮምፒዩተር ሆድቃ ጋር የቅርብ ዘመድ ሆነ። ዘመድ ከሆኑ ታዲያ የአንዱን ነፍስ በሌላው ሥጋ ማሳደር ለምን አይቻልም ያሉ ሰዎች ተነሡ፤ ቻሉትም።

እኔ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ አቀናብሬ የምኖር ሰው ነኝ። እጄ የለመደው ፋይናል ከት በማክ ላይ እንጂ በሌላ አይሠራም፤ የደህና ማክ ዋጋ ደግሞ ስንት ሠርግ እንደሚያስፈልገው አስልቼ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ፣ ሚሞሪው ከመርካቶ፣ ሳጥኑ ከወዳጅ ቢሮ ተለቃቅሞ ተሠራ። ሕጉንም አልደብቅም። የአፕል የፈቃድ ውል ሲስተሙ በአፕል ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንዲጫን ነው የሚለው። ሳይስታር የሚባል የፍሎሪዳ ኩባንያ ከ2008 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ማሽን እየሠራ ሲሸጥ አፕል ከሶት በ2009 ተፈርዶበታል። ለገዛ ቤቱ የሚገጣጥመውን ሰው ነገር አንባቢ ይፍረድ፤ የእኔ ዳኛ የቤት ኪራዬ ነው።

ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ከመሰኪያዎቹ በቀር። አንዱ መሰኪያ ፍላሹን ያነባል፣ አጠገቡ ያለው መንታው አያነብም። ሰማያዊው ፈጣኑ መሰኪያ እንደ ጥንቱ ጥቁር መሰኪያ እየተጎተተ ይሠራል። ማሽኑ አንቀላፍቶ ሲነሣ ዲስኩን ጥሎት ይገኛል። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ገመድ ቀይሮ ሄደ። ሁለተኛው «ዊንዶውስ ይጫንበትና ይገላገሉ» አለኝ። ሦስተኛው ግን እውነተኛ ባለሙያ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስክሪኑን በትከሻው ጋርዶ ተቀመጠ፤ ቡና ጠጥቼ እንድመለስ ለመነኝ፤ ስመለስ ሁሉም መሰኪያ ይሠራል፣ ማሽኑም አይተኛም። «ምን ነበር?» ብለው «ጋሼ፣ ይሄ ረቂቅ ነገር ነው» አለና ሂሳቡን ተቀብሎ ወጣ።

ረቂቁ ነገር እስከ 2021 ጸደይ ቆየ። አንድ ቀን ሲስተሙን አፕዴት አደረግሁት፣ ግማሹ መሰኪያ ተመልሶ ሞተ፣ መተኛቱም ተመለሰ። ስልክ ብደውል ባለሙያው አገር ለቆ ሄዷል አሉ። የኔን ማሽን መድኃኒት በልቡ ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ክፋቱ በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት አንድ ዲስክ ይዛ መጣች። ከብዙ ዓመት በፊት የተቀረጸ የገዛ ሠርጓ ነው፤ ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ በሦስት ካሜራ፣ ወደ 900 ጊጋ ባይት። ያኔ የቀረጸው ሰው ሱቁን ዘግቷል፤ ያልተቀናበረውን ጥሬ ምስል በዚህ ዲስክ ላይ አስረክቧታል፤ ሌላ ቅጂ የለም። የፈለገችው ሠርጉን አይደለም። እናቷ ሙሽሮቹን የመረቁበትን ቦታ ነው። እናቲቱ አርፈው ሙት ዓመታቸው ቀርቧል፣ ድምፃቸውም የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ 900 ጊጋ ባይት በዘገምተኛው መሰኪያ መገልበጥ የሌሊት ሥራ ነው። ማታ ጀምሬ ጠዋት ስመጣ ስክሪኑ ላይ «ዲስኩ በአግባቡ ሳይወጣ ተነቅሏል» የሚል ማስታወቂያ ቆሞ ይጠብቀኛል። ማን ነቀለው? ማንም። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው። በሦስተኛው ቀን ዲስኩን መንካት ፈራሁ። የሞቱ ሰው ድምፅ ይዞ እየተነቀለ የሚሰካ ዲስክ ስንት ጊዜ ይችላል?

የዚያን ቀን ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሃኪንቶሽን የሚያስነሣው ኦፕንኮር የሚባለው ፕሮግራም አሲዳንተራ የሚባል ስብስብ ሥራ ነው፤ ዶርታኒያ የሚባሉ ሌሎች ደግሞ መመሪያውን ደረጃ በደረጃ ጽፈውታል፤ ሁሉም በነፃ። (እግረ መንገዴን፦ አሲዳንተራ የአንድ አበባ የድሮ የሳይንስ ስም ነው። መካከሉ ወይን ጠጅ የሆነ፣ ሽታው የሚያውድ ነጭ አበባ፤ ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ ይበቅላል፤ ፈረንጆች የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ ይሉታል። ስብስቡ ስሙን በምን ምክንያት እንደመረጠው የጻፈ አላየሁም፤ እኔ ግን እንደ አገሬ ሰው ቆጥሬ ደስ ብሎኝ ነበር።)

የተማርኩት ይህን ነው። ከ2015ቱ ኤል ካፒታን ጀምሮ የማክ ሲስተም በአንድ የዩኤስቢ ተቆጣጣሪ ላይ ከ15 በላይ በር አይቀበልም። አፕል የሚሠራቸው ማሽኖች በራቸው በልክ ስለተቆጠረ አይቸገሩም። የእኔ ዓይነቱ ቦርድ ግን 26 ያህል በር ይዘረዝራል። ደግሞ ዓይን የሚያየውና ሲስተሙ የሚቆጥረው አንድ አይደለም። አንዱ ሰማያዊ መሰኪያ ሁለት በር ነው፤ አንዱ በሴኮንድ 480 ሜጋ ቢት ለሚሄደው ለአሮጌው ዩኤስቢ 2፣ ሌላው 5 ጊጋ ቢት ለሚሄደው ለዩኤስቢ 3። በውስጥ ያለው ብሉቱዝም አንድ በር ይይዛል። ሲስተሙ ከዝርዝሩ ራስ ጀምሮ 15 ቆጥሮ ያቆማል፤ ከራስ የተሰለፉት ደግሞ ቀርፋፎቹ ናቸው። ፈጣኖቹ ከበር ውጭ ይቀራሉ። ሰማያዊው መሰኪያ ለምን ይጎተት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

የሦስተኛው ባለሙያ ረቂቅ ነገርም ገባኝ። ይህን የ15 ገደብ ባለበት የሚያነሣ አንድ መስመር ነበር፤ «አዎ» ብለው ይጽፉበታል፣ አለቀ። ያ መላ ከ2021ዱ 11.3 አፕዴት ወዲህ አይሠራም። መመሪያውም ቀድሞ «ይህ ጊዜያዊ ነው፣ በሮቻችሁን ቁጠሩ» ይል ነበር። ሰውዬው ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ምን ይጎድልበት ነበር?

በር መቁጠር እንዲህ ነው። አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ፍላሽ ይይዛሉ። በእያንዳንዱ መሰኪያ ሁለቱንም በተራ እየሰኩ ስክሪኑ ላይ የትኛው ስም እንደሚበራ ይጽፋሉ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ተጋደምኩ፤ የእህቴ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደብተር ያዘች።

«ጋሼ፣ ኤችኤስ ሦስት በራ!»

«የትኛው ፍላሽ ነው?»

«አሮጌው ነዋ፣ አንተ አይደለህ የሰካኸው?»

ጠፍጣፋዋን ታይፕ ሲ ገልብጦ መሰካትም ያስፈልጋል፤ አንዳንዷ በቀኝ ጎኗ አንድ በር፣ በግራ ጎኗ ሌላ በር ታሳያለችና። የእኔዋ እንደዚያ ነበረች። ብቻዋን ሦስት በር በላች። ከዚያ መምረጥ መጣ፤ መምረጥ ደግሞ የትኛውን መዝጋት እንዳለብን መወሰን ነው። ከኋላ ካሉት ስድስት ሰማያዊ መሰኪያዎች ሦስቱ ሙሉ ሆነው ቀሩ፤ ስድስት በር። ሁለቱ ኪቦርድና ማውስ ብቻ ስለሚሰካባቸው ፈጣን ጎናቸው ተዘጋ፤ ሁለት በር። ታይፕ ሲዋ ሦስት፤ አሥራ አንድ። ከፊት አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ፤ አሥራ አራት። ብሉቱዙ አሥራ አምስተኛ። ስድስተኛውን ሰማያዊና ጥቁሮቹን ፕላስተር ለጠፍንባቸው። የተመረጡትን ስሞች በአንዲት ትንሽ ፋይል አስፍሮ ማሽኑን ማስነሣት ብቻ ቀረ።

መተኛቱን ለጊዜው ከለከልኩት፤ ዲስኩን ሰካሁ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተገለበጠ። ሴትዮዋ መጥታ እናቷን ስታይ እኔ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ።

ተንደርቦልትን እንዲህ በቀላሉ አልተገላገልኩትም። ተንደርቦልት ኢንቴልና አፕል አብረው ሠርተው በ2011 ያወጡት መስመር ነው፤ ያኔ በሴኮንድ 10 ጊጋ ቢት ይሄድ ነበር፣ በ2015 የመጣው ሦስተኛው 40 ይሄዳል። ሦስተኛው ቅርጹ ከታይፕ ሲ ጋር አንድ ስለሆነ የሚለየው በመብረቋ ምልክት ብቻ ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። በእሱ የተሰካ ዕቃ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ ካርድ ያህል ይቆጠራል። ሃኪንቶሽ ላይ ታዲያ ዲስኩ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ተሰክቶ ከሆነ ባዮሱ አይቶ ይመዘግበዋል፤ ይሠራል። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ነቅለው መልሰው ቢሰኩት ግን ማንም አያውቀውም፤ ሰርግ ቤት ዘግይቶ እንደመጣ እንግዳ በር ላይ ይቆማል። ባዮሱ ውስጥ የደኅንነት ደረጃውን ዝቅ ማድረግና ተጨማሪ የማስተዋወቂያ ፋይል መጻፍ የሚያግዘው ሰው አለ። ለእኔ አልበቃኝም። የጨከኑት ቺፑን በቆንጣጭ ይዘው ውስጡን እንደገና ይጽፉታል። እኔ አንድ ማሽን ያለኝ ሰው ነኝ፤ አልደፈርኩም። ከመነሣቱ በፊት እሰካለሁ፣ ከጠፋ በኋላ እነቅላለሁ። ተስማምተናል።

ደብተሩን ግን በንጹሕ ገለበጥኩት። ሰፈራችን ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ወጣት አለ፤ አየውና ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ይሄን ለሰው ሁሉ ካሳዩማ እኔ ምን ልበላ ነው?» አለኝ። ለመሳቅ ከጅሎኝ ነበር፤ ግን የሱቁን ኪራይ አውቀዋለሁ። ልጁ የሚሸጠው ዕቃ የለውም፤ ያለው የሚያውቀው ነገር ነው። መመሪያውን በነፃ የጻፉት ሰዎች ምናልባት ሌላ እንጀራ አላቸው፤ እሱ የለውም። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለኝ አልልም።

የነገርኩት ሌላ ነው። አፕል በ2020 የራሱን ቺፕ አመጣ። በ2025 ደግሞ ታሆ የተባለው ሲስተም ለኢንቴል ማሽኖች የመጨረሻው እንደሆነ አስታወቀ። ሃኪንቶሽ ያለ ኢንቴል የሚኖርበት መንገድ አይታየኝም። «አንተ የምትደብቀው ሙያ ጡረታ እየወጣ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ደብተሩን ለአንድ ሌሊት ልውሰደው አለ፣ ሰጠሁት።

በማግስቱ መለሰው። ፎቶ ኮፒ አድርጎታል፣ ያንንስ ጠብቄ ነበር። ከአሥራ አምስተኛው በር አጠገብ ግን በራሱ እጅ ጽሑፍ ሁለት መስመር ጨምሮበታል፦ «ብሉቱዙ ዓይነቱ 255 ይባል፤ 255 ማለት የውስጥ ነው። እንዲህ ካልተባለ ማሽኑ በደንብ አይተኛም።» ሂሳብ ስጠይቀው «ምን ሂሳብ አለው፣ ቡና ይጋብዙኝ» አለ። የዚያን ማታ እንዳለው አስተካክዬ መተኛቱን ፈቀድኩለት። ጠዋት ስቀሰቅሰው ዲስኩ እንደተሰካ ነበር።