«ማን ልበል?»

ሩቅ ያለ ሰው ቢዘገይ አይገርምም፤ መንገዱ ይወቀሳል። አጠገባችን ያለው ሲዘገይብን ግን በማን እንፈርዳለን?

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ሰው አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው። በአንዲት አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አረጋውያን ያንጐራጐሯቸው ቃል ግጥሞች በድምፅ ተቀርጸው የተቀመጡበት ሰርቨር አለ። አድማጩ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያደምጣል፤ በመካከል ያለው ገመድ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ገጽ ሲከፈት 10 ሰከንድ ያስጠብቅ ነበር። 10 ሰከንድ ሲነገር ኢምንት ነው፤ የሟች ወንድማቸውን ድምፅ ሊሰሙ ለመጡ እናት ግን ዘመን ነው። «የለም ማለት ነው፤ ይቅር» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሲነሡ አይቻለሁ።

ሁሉም ገመዱን ከሰሰ። ገመዱ ተቀየረ፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በ1983 በጻፈው ፒንግ በተባለ ትንሽ ፕሮግራም ሞከርነው። ፒንግ «አለህ ወይ?» ብሎ ይጣራል፤ «አለሁ» የሚለው መልስ እስኪመለስ ያለውን ጊዜም ይለካል። መልሱ ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ደረሰ። መንገዱ ከክሱ ነጻ ወጣ! መዘግየቱ ያለው ከደጃፉ በስተውስጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሮች የሚተዋወቁት በቁጥር ነው፤ ቁጥርንና ስምን የሚያገናኘው ፖል ሞካፔትሪስ በዚያው በ1983 የነደፈው ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት ነው። ሰርቨሩ የጎብኚዎቹን ስም በመዝገብ እንዲያሰፍር ታዝዞ ኖሮ፣ ደጁን ላንኳኳ ሁሉ «ማን ልበል?» እያለ ስም ወደሚያውቅለት ሌላ ኮምፒውተር ይልክ ነበር። በሌላ ሕንፃ የነበረው ያ ኮምፒውተር ግን ከተነቀለ ቆይቷል። ሰርቨሩ 5 ሰከንድ ይጠብቃል፤ መልስ ሲያጣ ዳግመኛ ይጠይቃል፤ ሌላ 5 ሰከንድ… ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆርጦ እንግዳውን በቁጥሩ ብቻ ያስተናግዳል።

ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው አፓቺ እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው 1.3 እትሙ ጀምሮ፣ ካላዘዙት በቀር ስም አይጠይቅም። ስለዚህ መድኃኒቱ አንዲት ቃል ነበረች፤ ትእዛዙን ከ«ኦን» ወደ «ኦፍ» መለወጥ። መዝገቡ ቁጥሩን ይይዛል፤ ስሙን በኋላ፣ እንግዳው ከሄደ ወዲያ፣ በእርጋታ የሚፈልግ ሎግሪዞልቭ የተባለ መሣሪያ አብሮት አለ። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ታክተው የሄዱትን ግን ስምም ቁጥርም አይመልሳቸውም።

የባላገሩ ደንብ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። እንግዳ ሲመሽበት አስቀድሞ እግሩ ይታጠባል፣ እህል ይቀርብለታል፤ «ከወዴት መጣህ?» የሚባለው ካረፈ በኋላ ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ አጠገብህ ሆኖ የዘገየብህን ሰው ሰነፍ ነው ብለህ አትፍረድበት። ምናልባት አንድ ጊዜ የተሰጠውን ትእዛዝ አክብሮ፣ ከእንግዲህ ከማይመልስለት መልስ እየጠበቀ ይሆናል።