ሳፋሪና ሰፈር

«ሳፋሪ» የሚለው ቃል ወደ እኛ የደረሰው ከስዋሂሊ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ነው። ስዋሂሊው በፊናው ከዐረብኛው «ሰፈር» ወስዶታል፤ ትርጉሙም ጉዞ፣ መንገድ ማለት ነው። የእኛው «ሰፈር» ግን መንገዱን ጨርሶ፣ ድንኳኑን ተክሎ፣ እሳቱን አንድዶ የተቀመጠ ሰው የሚገኝበት ስፍራ ነው። ሁለቱ ቃላት በሥር ይዛመዱ እንደሆነ መመርመሩን ለቋንቋ ሊቃውንት እተዋለሁ። እኔን የሚያስገርመኝ ግን አንዱ መሄድን፣ ሌላው መቀመጥን የሚያመለክቱት እነዚህ ቃላት፣ በርትኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባት በኩርሙክ ከአንድ አፍ የሚወጡ መሆናቸው ነው።

ሳፋሪ በዓለም ስሙ የገነነው በጠመንጃ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣኑን በለቀቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ የ19 ዓመት ልጁን ከርሚትን አስከትሎ ምሥራቅ አፍሪካ ገባ። አባትና ልጅ ከሞምባሳ ተነሥተው፣ በመጨረሻም ነጭ ዓባይን ተከትለው ካርቱም ሲደርሱ፣ የጣሏቸው እንስሳት ቁጥር 512 ደርሶ ነበር። የቤተሰብ ሳፋሪ ሲባል እንግዲህ ከቀደምት ምሳሌዎቹ አንዱ ይኸው ነው። ኬንያ በ1969 ዓ.ም. አደንን ከከለከለች ወዲህ በዚያች አገር ጠመንጃው ቦታውን ለካሜራ ለቀቀ። ዛሬ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ልጆችን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ የሚያርፍባቸው ካምፖች አሉ፤ ከሸራ የተሠራ ክፍል፣ በውስጡ አልጋና መታጠቢያ፤ ሕፃናት በምሽት ብቻቸውን እንዳይወጡ የሚጠብቅ ዘበኛ፤ የአውሬ ዱካ በጀሶ መቅረጽ የሚያስተምር መሪ። ሐሳቡን አልነቅፈውም፤ ዱካ ማንበብ ለልጅ ፊደል ከመቁጠር የማያንስ ትምህርት ነውና። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። በማስታወቂያዎቹ ሥዕል ውስጥ ጫካው ሁልጊዜ ሰው አልባ ነው፤ ሰው ከታየም ትሪ ይዞ ነው።

በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ማረፊያ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርቡ አዋሽ ነው። በ1961 ዓ.ም. በሕግ በጸናው በዚያ ብሔራዊ ፓርክ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ሁለት ሌሊት አድረናል። ሳላ አየን፤ የፏፏቴውን ድምፅ እየሰማን ተኛን። በማግሥቱ ሴቷ ልጄ፣ ፓርክ ከመሆኑ በፊት እዚህ ማን ይኖር እንደነበር ጠየቀችኝ። ከረዩዎችና አፋሮች ከብቶቻቸውን ያግዱበት እንደነበር ነገርኋት። «ታዲያ አሁን የት ያግዳሉ?» አለች። ያልተጠበቀ ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱ ግን ከአንድ የጉብኝት ቀን የሚረዝም ነው።

በጥር 2009 ዓ.ም. የትምህርት ዕረፍት ወቅት፣ በመምህርነት ሥልጠና አብሮኝ የነበረ የአሶሳ ወዳጄ ወደ አባቱ ቤት ወደ ኩርሙክ ጋበዘን። የዘጠኝ ዓመቱ ወንዱ ልጄ «ጫካ ውስጥ ካምፕ» የሚለውን ከፊልም ቀድቶት ስለነበር፣ ከጎረቤት የተዋሰውን ትንሽ ድንኳን ጠቅልሎ ያዘ። ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ የማንጎ ዛፍ ካጠላባቸው ግቢዎች ወጥቶ፣ ሆሞሻን አልፎ፣ በሽመል ቁጥቋጦ መካከል ወደ ቆላው ይወርዳል። ከ1989ኙ የድንበር ማዶ ውጊያ በኋላ የተተከለው የሸርቆሌ ስደተኞች መጠለያም በዚሁ አቅጣጫ ነው። ልጄ የጣሪያዎቹን ረድፍ በመስኮት እያየ «ይኸ ካምፕ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ነው አልነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

ሼሁ፣ የወዳጄ አባት፣ በሽመል አጥር ደጃፍ ቆመው ተቀበሉን። ሰላምታው በሦስት ቋንቋ ተለዋውጦ ሳያልቅ ልጄ ከግቢው ጥግ ድንኳኑን መዘርጋት ጀምሯል። የሼሁ የልጅ ልጅ፣ ዕድሜው ከእሱ እኩል የሆነ ልጅ፣ ጥቂት ተመለከተውና ከትምህርት ቤት በተማረው አማርኛ፦

«ከየት ነው የሸሻችሁት?» አለው።

በግቢው የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሼሁ ግን አልሳቁም። «ኡስታዝ» አሉኝ፤ «እኔ ቤት እያለኝ እንግዳዬ ድንኳን አይተክልም። ጎረቤት ምን ይላል? ልጁን ንገረው፤ ይጠቅልለው።» ቃላቸው የቁጣ አልነበረም፤ ትእዛዝ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ኩርሙክ በሁለት አገር የተከፈለች ከተማ ናት፤ በወንዙ ማዶ ያለችው የሱዳኗ ኩርሙክ በ1980፣ በ1989፣ እንደገናም በ2004 ዓ.ም. በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ተዛውራለች። በየጊዜውም ሰው ወደዚህ ተሻግሯል። በዚያ አካባቢ ላደገ ልጅ የሸራ ድንኳን የሚተከለው የሚያባርር ሲኖር ነው። በሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብ የሚገዛው የሸራ ሌሊት እዚህ ማንም የማይመኘው ነገር መሆኑን ከእኔ ይልቅ ልጄ ፈጥኖ ሳይረዳው አልቀረም፤ ድንኳኑን ጠቅልሎ እስክንመለስ ድረስ አልፈታውም።

አራት ሌሊት አደርን። ጥር ቢሆንም ሙቀቱ በቤት ውስጥ ስለማያስተኛ፣ የጠፍር አልጋዎቹ እየወጡ ግቢው ላይ ይደረደራሉ፤ አጎበርም ይሰቀልባቸዋል። (ልጅ ይዞ ወደ ቆላ የሚወርድ አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ አጎበሩን ይያዝ፤ የአካባቢው አስፈሪ አውሬ ወባ ነው።) ማታ ማታ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ከአንድ ገበታ እንበላለን። ሌሊት ጅብ ሲጮኽ የቤቱ እመቤት ከተኙበት ሳይነሡ «ሩቅ ነው» ይላሉ፤ ልጆቼም ተመልሰው ይተኛሉ። ከካምፕ ዘበኛ ፋኖስ ይልቅ ይህች አንዲት ቃል አሳርፋቸዋለች።

ጠዋት ጠዋት የሼሁ የልጅ ልጅ ልጆቼን ወደ ደረቀው ወንዝ ይዟቸው ይወርዳል። አሸዋው ላይ የጅግራን እግር ከቆቅ፣ የከርከሮን ከፍየል ለይቶ ያሳያቸዋል፤ በክንዱ ልክ ቆፍሮም ውኃ ያወጣል። ሴቷ ልጄ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ዘንድ ተቀምጣ ገበታውን ማዞር ሞከረች፤ ከሠፈሩት አፈር ሁሉ የተረፈው በጣት ጫፍ የሚነሣ ጥቂት ብልጭታ ነበር። አጠገቧ የምታጥበው ልጅ እኩያዋ ናት፤ መዳፏ ግን የአዋቂ መዳፍ ነው። ለእንግዳ ልጅ የአንድ ጠዋት ጨዋታ የሆነው ነገር ለእሷ የደብተር ዋጋ መሆኑን ሁለቱም ሳይነጋገሩ የተግባቡ ይመስለኛል፤ ልጄ የራሷን ድርሻ ወደ እሷ ገበታ ገለበጠችው።

በሦስተኛው ቀን ወንዱ ልጄ አንበሳው የት እንደሚገኝ ሼሁን ጠየቃቸው። ሼሁ በሁመሩ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። «የጥይት ድምፅ በለመደ አገር አንበሳ ልጁን አያሳድግም» አሉት። በዚህ ምድር ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ወደ ሱዳን ገበያዎች ይጋዙ የነበረበት ዘመን ረጅም ነው። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ቤኒሻንጉልን ሲያስገብርም፣ በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች ድንበሩን በውል ሲወስኑም ጠመንጃው ከአገሩ አልወጣም። አውሬው የራቀው እንግዲህ አገሬው ስላልጠበቀው ብቻ አይደለም። ከውጭ በመጣ ፍላጎት የተሟጠጠ ጫካ ሰው ስለሚኖርበት ብቻ «ለጉብኝት አይመችም» ሲባል ስሰማ ፍርዱ የተገላቢጦሽ ይሆንብኛል።

በመጨረሻው ሌሊት ዋዛ ተነፋ። በአማርኛ ዋዛ ቀልድ ነው፤ በበርታዎች ዘንድ ግን ከቁም ነገርም ቁም ነገር ነው። ከቅል ቁራጮች እየተቀጣጠለ የሚሠራ መለከት ሲሆን፣ ትልቁ ከሰው ቁመት ይስተካከላል፤ ትንሹን ሕፃን ያነሣዋል። እያንዳንዱ መለከት አንዲት ድምፅ ብቻ አለው። አሥርና ከዚያም በላይ ነፊዎች ተራቸውን ሳይስቱ፣ እየዞሩ ሲነፉት ነው ዜማው የሚወለደው። ልጄ ትንሹን ተቀብላ ነፋችው፤ ብቻውን «ቱ» ከማለት በቀር ምንም አልወጣውም። ከመካከላቸው አስገብተው ጊዜዋን በትከሻዋ እየነኩ ሲያሳዩዋት ግን ያቺው «ቱ» ቦታዋን አገኘች።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል የባህል ምሽት፣ ሁለት ዋዛ ብቻ ያንጠለጠሉ ተወዛዋዦች አይቼ አውቃለሁ፤ ዜማውን የሚያሰማው ከጀርባቸው ያለ ኦርጋን ነበር። በኩርሙክ አካባቢ የጎብኚ ማረፊያ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲነሣ የምፈራው ይኸንኑ ነው። ማረፊያ መሠራቱን አልቃወምም፤ የደብተር ዋጋ ከወርቅ እጥበት ሌላ ምንጭ ቢያገኝ ማን ይጠላል? ነገር ግን ዋዛው ከተነፋ በሙሉ ቁጥሩ፣ በወቅቱ፣ ከመኸር በኋላ ይነፋ፤ ዱካውን የሚያነብበው ልጅም ትሪ ያዥ ሳይሆን መምህር ተብሎ ይከፈለው። እንግዳውም ከአጥር ውጭ በሸራ ሳይሆን ከአጥሩ ውስጥ በጠፍር አልጋ ይደር። የግንባታ ወጪውም ይቀንሳል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ኩርሙክ እንደገና የስደተኞች መግቢያ ሆነች፤ የመሸጋገሪያ መጠለያ ተቋቋመባት፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኡራ ላይ አዲስ መጠለያ ተከፈተ። ሼሁን በስልክ አገኘኋቸው። ከወንዙ ማዶ የመጡ ዘመዶቻቸው ግቢውን ሞልተውት፣ ሕፃናቱ በአንድ አልጋ ሦስት ሦስት ሆነው በአግድሞሽ እንደሚተኙ ነገሩኝ። አሁን ጎረምሳ የሆነው ልጄ ስልኩን ተቀበለኝና የራሱን ድንኳን ሊልክላቸው ጠየቃቸው።

«ድንኳንስ ሞልቷል፣ ልጄ» አሉት፤ «የጠፍር አልጋ ላክልን።»

አሶሳ ላለው ወዳጄ ገንዘብ ላክን፤ እሱም ሁለት አልጋ አሠርቶ በጭነት መኪና ሰደደላቸው።