የዘንዶው ጅራት

በልጅነቴ፣ አቃቂ በሰቃ ሳለን፣ እናቴ እጄን ይዛ የምትወስደኝ ደብር የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነበር። የእኔን ዐይን የሚስበው ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳይሆን ከፈረሱ ኮቴ ሥር የተጋደመው ዘንዶ ነበር፤ ለልጅ ቁመት የሚቀርበው እርሱ ነውና። ክረምት በወጣ ቁጥር በጅራቱ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣና ቀለሙ ይረግፋል። ጅራቱ በየዓመቱ ሲያጥር እያየሁ፣ ሰማዕቱ ድል እያደረገ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር!

ምሥጢሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚሥሉት በደረቀ ልስን ወይም በግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ ቀለሙንም የሚያዋህዱት የእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ውሃ አይችልም። እርጥበት ከመሠረት ወደ ላይ ሲሳብ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ግድግዳው ሲደርቅም ጨዉ ረግቶ እየጠነከረ ቀለሙን ከሥሩ ፈንቅሎ ይጥለዋል።

ዛሬ ይህን ጠላት አስቀድሞ የሚያይ መሣሪያ አለ። ከክብሪት ሳጥን እምብዛም የማይበልጥ መለኪያ የአየሩንና የግድግዳውን ሙቀትና እርጥበት በየሰዓቱ እየለካ በስልክ መረብ ሩቅ ላለ ባለሙያ ይልካል። በምስሉ በኩልም የተሠራው ጥቂት አይደለም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ «ዛማኒ ፕሮጀክት» እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ መዝግቧል፤ ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ-ቪታኮቭስካ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያሰናዱት «መዝገበ ሥዕላት»ም የአገራችንን ሥዕሎች ፎቶግራፍ በብዛት አከማችቷል። (የእኛን ዘንዶ ብፈልገው አላገኘሁትም፤ ስመ ጥር ደብር አይደለምና አልፈርድም።) ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ቢገኝ ግን እኔ መለኪያውን እመርጣለሁ፤ ያውም መልእክቱን ሰምቶ ጣራ የሚጠግን፣ የዝናቡን ውሃ ከመሠረቱ የሚያርቅ ሰው ካለ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ወደ ደብሩ ሄድሁ። ሥዕሉ በዘይት ቀለም እንደ አዲስ ተሥሏል። ኢንፍራሬድ ካሜራ አንዳንድ ጊዜ ከላይኛው ቀለም በታች የተሸሸገውን ጥቁር ንድፍ እንደሚያሳይ አንብቤ ነበርና፣ «መሪጌታ፣ አሮጌው ሥዕል ተፍቆ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ላይኛው ተፍቋል፤ ከታች በኩል ግን የሚፋቅ ነገር አልነበረም፣ ልጄ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ የአዲሱን ዘንዶ ጅራት በጣቴ ዳበስሁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣቴም ነጭ ሆኖ ተመለሰ።