የዓሣው መድኃኒት

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ስለ ውሃ ፍጥረት እናውቃለን አንልም። ሆኖም አምና በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን 40 ሊትር የምትይዝ የመስታወት ገንዳ ገዛን፤ 6 ጋፒ ዓሦችና ቼሪ የሚባሉ 10 ቀያይ ሽሪምፖችም ጨመርንባት።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ሽሪምፕ ሞቶ ተጋድሞ አገኘንና አዘንን። ብንቆጥራቸው ግን ዐሥሩም አሉ! ለካስ ሽሪምፕ ሲያድግ ቅርፊቱን አውልቆ ይጥላል፤ ያለቀስንለት ልብሱ ኖሯል።

ቈይቶ አንዲቱ እንቁላሏን ከሆዷ ሥር ታቅፋ ታየች። ሦስት አራት ሳምንት ትሸከመዋለች ቢሉን ቀን መቁጠር ጀመርን። ጋፒ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣልና፣ ልጆቹ እንዲደበቁበት ጃቫ ሞስ የሚሉትን የውሃ ሣር ተከልን። ለፈተና እንኳ እንዲህ ተዘጋጅተን አናውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት በዓሦቹ ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ባለሱቁ መድኃኒት ሰጠን፤ እኛም በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳናነብ ጨመርን። ንባብ ሥራችን ነው የምንል ሰዎች! መድኃኒቱ መዳብ ነበረበት። መዳብ የዓሣውን ተባይ ይገድላል፤ ሽሪምፕንም አይምርም።

በነጋታው ዓሦቹ ይዋኛሉ። ሽሪምፖቹን በማንኪያ ለቀምናቸው፤ እናቲቱንም ከነእንቁላሏ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም፤ ጠርሙሱን ያቀበለ፣ ክዳኑን የከፈተ፣ ጠብታውን የቆጠረ ሦስታችንም ነንና። ጋፒዎቹ ድነዋል፤ በየተራ እንመግባቸዋለን።