ሰንበት የሌለው ሳምንት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮምፒዩተር ጌም ነው። «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜው!» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ። ቤታችሁ ውስጥ ልጅ ካለ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

ጌሙ «ግሬቭያርድ ኪፐር» ይባላል፣ በእኛ ቋንቋ «የመቃብር ጠባቂ» ማለት ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) «ሌዚ ቤር ጌምስ» የሚባል የሩስያ ቡድን ሠርቶ ያወጣው ነው። ያሳየኝ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ ነው። እሱ ቶሎ ሰለቸውና ተወው፣ እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ስጫወተው ከረምኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የዘመናችን ሰው ወደሚወዳት ሴት ቤት ሲሄድ መኪና ይገጨዋል። ሲነቃ የድሮ አውሮፓ መንደር በሚመስል አገር ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ፈቃዱን የጠየቀው ሰው የለም፣ የመቃብር ጠባቂ ሆነሃል ይሉታል፣ አለቀ። ጌሪ የሚባል የሚናገር የራስ ቅል ሥራውን ያስተምረዋል። ሰውየው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቤቱ መመለስ። መንገዱን ያውቃል የተባለ ሁሉ ግን መጀመሪያ ይሄን አምጣ፣ ያንን ሥራልኝ፣ በሌላ ቀን ተመለስ ይለዋል። በአዲስ ገቢነት የኖረ ሰው ይሄን ሲያይ ሳይወድ በግዱ ይስቃል። ያልመረጥከው ሥራ፣ ቋንቋው የማይገባህ አገር፣ «ያኛውን ወረቀት አምጣ» የሚል ሰው በየበሩ። ይሄን እኛ ሳንጫወተው ኖረነዋል!

ቀልዱ ብዙው እንዲህ ያለ ነው። ሬሳ በጋሪ የሚያመጣልህ አንድ አህያ ነው። አህያው ከጊዜ በኋላ ጉልበቴ ተበዘበዘ ብሎ ሥራ ያቆማል፣ ካሮት ካልተከፈለው አንድ ሬሳ አያደርስም። በደርግ ዘመን የነበረ ሰው የአህያውን ንግግር ቢሰማ «ጓድ አህያ» ማለቱ አይቀርም። ጌሪ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው የሬሳውን ሥጋ ቁረጥና ለመጠጥ ቤቱ ሽጥ ይልሃል። ባለ መጠጥ ቤቱ ሥጋው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማኅተም አለው ወይ ብሎ ብቻ ነው። ማኅተሙ ካለ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው! በየቢሮው ወረፋ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይሄ ቀልድ ማንን እንደሚነካ አያጣውም።

እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን ቀልዱ አይደለም፣ የእጅ ሥራው ነው። በዚህ ጌም ውስጥ ሚስማር ብትፈልግ የብረቱን ድንጋይ ራስህ ትቆፍራለህ፣ እቶን ትሠራለህ፣ ለእቶኑ እንጨት ትፈልጣለህ፣ ከዚያ አቅልጠህ ትቀጠቅጣለህ። ሸክላ ብትፈልግ አፈሩን ቆፍረህ ታመጣለህ። በሠራኸው ቁጥር ነጥብ ታገኛለህ፤ ቀዩ ለእጅ ሥራ፣ አረንጓዴው ለተፈጥሮ፣ ሰማያዊው ለዕውቀትና ለመንፈስ። በነጥቡ አዲስ ሙያ ትማራለህ። እጁን ያላቆሸሸ ሰው ምንም አይማርም።

ወንድ አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ወናፍ እየነፋሁ አጠገባቸው መቀመጤን አስታውሳለሁ። ሴት አያቴ ምጣድና ድስት ይሠሩ ነበር። ጎረቤቶቻችን ቀን ማረሻውንና ምጣዱን ይገዙናል፣ ሲመሽ ቡዳ ናቸው ይሉናል። ማረሻው ከሌለ ማን ያርሳል? ያለ ምጣድ እንጀራው በምን ይጋገራል? ይሄን የጠየቀ አልነበረም። ልጄ ይሄን ታሪክ በሲግድ ቀን ስነግረው አንድ ጆሮውን ይሰጠኝ ነበር። እቶኑን በጌሙ ውስጥ ካየ በኋላ ግን «አባ፣ አያትህ ከሰሉን ከየት ነበር የሚያመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዚህ ጥያቄ ብቻ ጌሙን የሠሩትን ሰዎች አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። መንገዱ ረጅም ነው። ከቤትህ መንደር፣ ከመንደር ወደ ሌላው ጫፍ ስትመላለስ እግርህ የታመመ እስኪመስልህ ድረስ ነው፤ የሚያደርስ ድንጋይ ገዝተህ በኪስህ ከያዝክ በኋላ ትንሽ ይቀላል። ምን መሥራት እንዳለብህ በደንብ የሚነግርህ የለም። ሠርተህ ጨረስኩ ስትል ደግሞ የሚረከብህ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚመጣው፣ ካመለጠህ እስከሚቀጥለው ሳምንት ጠብቅ። የሠራኸው የሚቀመጥልህም አልጋህ ላይ ስትተኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «አንድ ቀን ብቻ ልጨርስና ላጥፋው» እያልክ እኩለ ሌሊት ያልፋል።

አንድ ማታ ቀኖቹን ስቆጥር የገረመኝ ነገር አለ። የጌሙ ሳምንት ስድስት ቀን ነው። ቀኖቹም የኃጢአት ስም ነው ያላቸው፤ ስንፍና፣ ትዕቢት፣ ዝሙት፣ ሆዳምነት፣ ምቀኝነት፣ ቁጣ። ጳጳሱ የሚመጣበትና ስብከት የሚሰጥበት ቀን የትዕቢት ቀን ነው፣ እሱም ቀልድ ነው። ሰባተኛ ቀን ግን የለም። ሰንበት የለም። አሁን ይበቃል፣ እጅህን ታጠብና ተቀመጥ የሚልህ ቀን የለም። ከስድስተኛው ቀጥሎ አንደኛው ይመጣል፣ አህያውም ሬሳውን ጥሎ ይሄዳል። የአባቶቻችን ቤት እሳቱ አርብ ሳይመሽ ይጠፋ ነበር፣ መዶሻውም ዝም ይላል። አሁን ሳስበው የሥራው ክብር ግማሹ ከዚያ ዝምታ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው የሬሳው ነገር ነው። በጌሙ ውስጥ ሟቹ ስም የለውም። አልቃሽ የለውም። ነጭ የራስ ቅልና ቀይ የራስ ቅል በሚባል ምልክት ይለካል፤ ቀዩ የመቃብር ቦታህን ዋጋ ይቀንሳል። ደሙንና ስቡን ብታወጣለት ቀዩ ይቀንሳል። የማይረባውን ወንዝ ውስጥ መጣል ትችላለህ። ኦሪት በዘኍልቁ 19 ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ይሆናል ይላል። የእኛ ሰዎችም ይሄን ይጠብቁ ነበር፤ ቀባሪው ከመንደሩ ተለይቶ ሰባት ቀን ይቀመጥና በውኃ ታጥቦ ይመለሳል። ሞት ሰውን ከሥራው ያስቆመዋል ማለት ነው። ጌሙ ግን አያቆምህም።

ሴት አያቴ በ1984 ሱዳን ውስጥ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ነው ያረፉት። ስምንት ዓመቴ ነበር። በጥድፊያ ነው የተቀበሩት፣ ድንጋይ አልቆመላቸውም፣ ቦታውን ዛሬ ብሄድ አላገኘውም። በዚያ መንገድ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ አራት ሺህ ይገመታሉ። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፣ በየዓመቱ ሄደን እናለቅሳለን፣ የብዙዎቹ መቃብር ግን የት እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ወንዙ ዳር ስደርስ ጣቴ እምቢ አለኝ። ሥጋም አልሸጥኩ፣ ወንዝ ውስጥም አንድ ሰው አልጣልኩ። ቀዩ ቢበዛም ሁሉንም ቀበርኳቸው፣ ለእያንዳንዳቸውም መስቀለኛም ይሁን ድንጋይ የአቅሜን አቆምኩ። የመቃብሬ ነጥብ ዝቅ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቶሎ አልተከፈተልኝም። ልጄ ሳቀ፣ «አባ፣ ጌም እኮ ነው» አለኝ። «አውቃለሁ ልጄ» አልኩት፣ ከዚያም ስለ አያቴ ነገርኩት። ስልኩን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

ፍርድ ስጥ ብትሉኝ እንዲህ እላለሁ። በ2020 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ጌሙ ከመርማሪዎች የሸሹ ስደተኞችን መጠለያ ያሠራሃል፣ ምግባቸውንም ታዘጋጃለህ። መጠለያ ውስጥ ላደገ ሰው ይሄ ከቀልዱ ሁሉ ይበልጣል። ሰዎቹ ሲቀልዱ ልብ የላቸውም ማለት አይደለም። ግን ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ሬሳ ይቆረጣል፣ ይሰከራል፣ ጠንቋይ ናት ተብላ ሴት ትቃጠላለች። ለጎረመሰ ልጅ ከሆነ አጠገቡ ተቀመጡ። እቶኑን ሲያነድ የአያቶቹን እቶን ንገሩት። መቃብሩን ሲቆፍር መቃብራቸው ያልታወቀውን ንገሩት። አርብ ጀንበር ሳትጠልቅም ኮምፒዩተሩን አጥፉት። ጌሙ የረሳትን ሰባተኛዋን ቀን የምንጨምርለት እኛ ነን።

እናንተስ ልጆቻችሁ ምን ይጫወታሉ? አብራችሁስ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ቸር ይግጠመን። ሻባት ሻሎም።